የአክፍሎቱ ኪኒን

የበደለችኝ የባሌ እህት ታደለች ናት፤ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በስቅለት። መንዝ፣ ዘመሮ ያላችሁ ዘመዶቼ ሌላ ወሬ ሰምታችኋልና የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሐዘኑ አልለቅ አለኝ። የበግ ጠጉር መፍተል ተውኩ፤ ከመደብ መነሣት አቃተኝ። ታደለች «አዲስ አበባ አምጡልኝ» ብላ ላከች። እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና መጣሁ። መንገድ ላይ ሁለቴ ጎማ ፈነዳ፤ ግድም አልሰጠኝ።

የሆስፒታሉ ካርድ ጸሐፊ «ሕመምዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሐዘን።»

«ሐዘን እዚህ አይጻፍም። ራስ ምታት ልበል?»

«እኔን ራሴን አላመመኝም። አንተን ካመመህ ላንተ ጻፈው።»

ሐዘን ብሎ ጻፈ።

ፈረንጁ ሐኪም በቀን ሦስት ኪኒን አዘዘልኝ። በወሩ እንቅልፍ መጣልኝ። ገብስ የለመድኩ ሴት ያንን ስስ የጤፍ እንጀራ አጣጥሜ በላሁ።

ብልቃጡን ግን ታደለች ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበት ነበር። የስቅለት ጠዋት ብጠይቃት፣ «እስከ እሑድ እህል ውሃ ሳይቀመስ እያከፈልን ኪኒን?» አለች።

«ሐኪሙ አታቋርጪ ብሎኛል።»

«ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። አንቺም ፈረንጅ ሆንሽ?»

ሁለት ቀን ሳልውጥ ቀረሁ። እሑድ ያለፉትን ስድስትና የዕለቱን ሦስት መዳፌ ላይ አኖረች። «የቀረ ስግደት ተቆጥሮ ይሰገድ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው» አለች። እውነት መሰለኝና ዋጥኩት። ወዲያው አፌ ደረቀ፣ ልቤ ደረቴን ይደበድበኝ ጀመር፤ ብድግ ስል ወደቅሁ። ታደለች ለእንግዶቿ «ዛሯ ነው፤ አገሯ ትመለስ» ስትል እሰማታለሁ። እብድ ተብዬ ከመመለስ መሞት ይሻለኝ ነበር። ጎረቤት አንሥቶ ሆስፒታል አደረሰኝ።

አስተርጓሚዋ ነርስ፣ «እትዬ፣ ያለፈ ኪኒን አይካካስም። ያለፈውን ትተው የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይዋጡ። በገዛ እጅዎ አያቁሙ፣ አይጨምሩ። ሐኪሙ ሲጨምርም ሲቀንስም ቀስ እያለ፣ እርስዎን እያየ ነው» አለችኝ።

«ጾሙስ?»

«እሱን የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።»

ጠየቅሁ። «ሕመምተኛ መድኃኒት ቢውጥ ጾም አይሽርም፤ ማን ነው የከለከለሽ?» አሉኝ። ስሟን ነገርኳቸው። ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው።

ከአንድ ኪኒን እንደገና ጀመርኩ፤ ሐኪሙ በየሳምንቱ እያየኝ ወደ ሦስት መለሰው። በዓመት ከመንፈቁ ድነሻል ሲል ደግሞ በወራት እየቀነሰ አስቆመኝ። አሁን ጉለሌ የራሴ ክፍል አለኝ፤ ከመንዝ በሚላክልኝ ጠጉር እፈትላለሁ። የከተማው ሰው ብርድ ገደለን ሲል እኔ በነጠላ እወጣለሁ፤ የእናንተን ብርድ አላዩት።

ታደለች ሽማግሌ ላከች፤ ታረቅሁ። ቤቷ ግን ሁለተኛ አላደርኩም።