ጋሻ ያልወጣበት ለቅሶ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቤቴ መጣች። ተዘግቶ የቆየው የሆሳዕና ትንሽ ሙዚየም ሊከፈት ነውና የቆየ ዕቃ ካለኝ እንድሰጥ ጠየቀችኝ። “አንድ ነገር አለኝ” አልኳት፤ ለማምጣት ግን ቶሎ አልተነሳሁም።

የዚያ ዕቃ ነገር ሲጀመር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ገጣሚ እሆናለሁ ብዬ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ገጠር፣ መንደራችን ሀቢቾ የቀረው አባቴ የአያቴን የቆዳ ጋሻ ለሙዚየሙ ሰጥቶ ነበር። “እቤት ምስጥ ይበላዋል” አለ። “እዚያ ይጠብቁታል። ለቅሶ ሲሆን ተውሰን እንመልሳለን።”

ሙዚየሙ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ “ይቺው ናት?” ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ጠባቂዋ እትዬ አስካለ ግን ዕቃውን ለባለቤቶቹ ለለቅሶ ያውሱ ነበር። ጋሻው ይወጣል፣ ይለቀስበታል፣ ጭቃ ነክቶት ይመለሳል። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሞቶ ጋሻው ከፍ ካላለ፣ ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ ያልተነገረ ያህል ነው። “የኔ ሙዚየም እግር አለው” ይሉ ነበር እትዬ አስካለ እየሳቁ።

አባቴ በነሐሴ ሞተ። ለለቅሶው ሀቢቾ ሄጄ፣ ጋሻውን ላመጣ በዚያ ጭቃ በሞተር ሆሳዕና ተመለስኩ። ለካ እትዬ አስካለ ጡረታ ወጥተዋል፤ ክፍሎቹ ስብሰባ አዳራሽ ሆነዋል። ዕቃው ጓሮ ያለ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።

“ቁልፉ ማን ጋ ነው?”

“ኃላፊው ጋ። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዷል” አለኝ ዘበኛው።

“አባቴ ነው የሞተው፣ ጋሼ።”

“ነፍስ ይማር፣ ልጄ። ሰብሬ ብከፍትልህ ነገ የሚያስሩት እኔን ነው።”

የበሩ ስንጥቅ ላይ ፊቴን አስጠጋሁ። የረጠበ ቆዳ ይሸታል።

ሀቢቾ ወደ ለቅሶው ሜዳ ባዶ እጄን ስመለስ አጎቴ ሄለቦ እጄን አየ። ጥቁር ጃንጥላውን ዘረጋ፤ እንደ ጋሻ ፊት ለፊቱ ይዞ፣ የአያቴን ስም በሀዲይኛ እየጠራ ሜዳውን ይዞር ጀመር። አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ አለቀሰ። ዝናቡ በአጎቴ ባዶ ራስ ላይ ይወርዳል።

መጋዘኑ የተከፈተው መስከረም ካለፈ በኋላ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ከርሟል። ከጋሻው የተረፈው መያዣው ጠፍር ብቻ ነበር። ስለዚያ ቀን ስንት ግጥም ጀመርኩ፤ ጃንጥላው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ቅዳሜ ያንኑ ጠፍር አምጥቼ ለወጣቷ ሠራተኛ ሰጠኋት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

“ቁልፉን ማን ይይዛል?”

“እኔ።”

“አንቺ ከሌለሽስ?”

“እሱን አላሰብንበትም፣ ጋሼ።”

መልሼ ልወስደው እጄን ዘረጋሁ። ግን የእኔም ቤት ምስጥ አለበት። እጄን ሰበሰብኩ።

“ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጪ” አልኳት። “አጎቴ አርጅቷል፤ ጠፍሩን ልንዋሰው እንመጣለን።”