በጣት የሚታዩ ፍጥረታት

ሸዋ ሮቢት ስመደብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሙቀቱ ሊጤን ምን ያደርገው ይሆን የሚለው ነበር። ሊጥ የምለው የሚበላውን አይደለም። የቧንቧ ሠራተኞች የሚያፈስ ቱቦ የሚደፍኑበት ማጣበቂያ ነው። በሁለት ቁራጭ ይሸጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያቦኩት እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ድንጋይ ይሆናል። እኔ ከእሱ የአውራ ጣት ቁመት ያላቸው ፍጥረታት እሠራለሁ። በዚህ ምድር ላይ የሌሉ ፍጥረታት፤ ባለክንፍ ዘንዶዎች፣ ከሌላ ፕላኔት የመጡ መንገደኞች፣ ጀርባቸው ላይ ዛፍ የበቀለባቸው ግዙፎች። ባደግሁበት በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይታዘዘኝ ነበር። እዚህ በመጀመሪያው እሁድ የአንዷን አፍንጫ ሳልጨርስ ደረቀብኝ።

ቀስ በቀስ ተላመድን። ትንሽ ትንሽ እያቦካሁ፣ የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጣሳ ላይ እያስቀመጥኩ መሥራት ጀመርኩ። ሥራዬ የጥርስ ሕክምና ነው። ጫፋቸው ደንዝዞ ከአገልግሎት የወጡ የጥርስ መፈተሻ ብረቶች አሉኝ፤ የዓይን ሽፋን ለማውጣትና የዘንዶ ቅርፊት ለመደርደር ከእነሱ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ለአጥንታቸው ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ቀጭን መዳብ እጠቀማለሁ። አሠራሩን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስልኬ ላይ የሌሎችን እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል። ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ የሱቆች መጋረጃ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት በረንዳዬ ላይ ሆኜ ወደ ምሥራቅ ሳይ የማሾ ማሳው ውሃ የሞላበት ይመስላል። በሙቀቱ ውስጥ የሩቆቹ ግራሮች ከመሬት ተነቅለው ይንሳፈፋሉ። አንድ ሰው በመካከል ሲያልፍ እግሩ ይጠፋና ወገቡ ብቻ ይሄዳል፤ ከዚያ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ለሁለት ይከፈላል። ፍጥረቶቼን ከየት ታመጫለሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነበር፤ ከዚያ፣ ከማሾው ማዶ።

አከራዬ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት ናቸው። መስኮቴ ላይ የተደረደሩትን መጀመሪያ ያዩ ዕለት አንገታቸውን አስግገው ቆዩ።

«ሲስተር፣ ይሄ የምንድን ነው? መድኃኒት ነው?»

«መጫወቻ ነው እትዬ።»

«ልጅ የለሽ፤ ማን ነው የሚጫወትበት?»

«እኔ ነኝ።»

እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የመጣ እንግዳ ሁሉ ወደ መስኮቴ እየተወሰደ ይጎበኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ የአከራዬ አባት ከአሊዩ አምባ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማኔ ነበሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር አያዩም። ሚስታቸው ሲሞቱ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ አከራዬ አመጧቸው። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ይወጣላቸዋል። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የነጠላቸውን ጠርዝ ይዘው ክሩን አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ሰው ይዳብሱታል።

አንድ እሁድ የደረቀ ክንፍ እየፋቅሁ ሳለሁ ወደ በረንዳዬ ፊታቸውን መለሱ።

«ምንድን ነው የምትፍቂው ልጄ?»

እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ቸገረኝ። «አባባ፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎችና እንስሳት እሠራለሁ፤ ትንንሽ ናቸው» አልኩ።

መዳፋቸውን ዘረጉ። አመነታሁ፤ አንዳንዱ ክፍል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ግን የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስምና በጣም የምወዳትን፣ ጆሮዎቿ እንደ ሸራ የተዘረጉትን የሌላ ፕላኔት ሴት አስያዝኳቸው። አልጨበጧትም። ከላይ እስከ ታች በሁለት ጣት ብቻ ሄዱባት፤ ጉንዳን የሚሄድባት ነበር የሚመስለው። 

«ሴት ናት» አሉ።

«አዎ።»

«ከሩቅ የሚመጣ ነገር ታዳምጣለች።»

«እንዴት አወቁ?»

«አንገቷን አዘንብላለች። ሰው ቅርብ ያለውን ሲሰማ እንዲህ አያዘነብልም።» ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «ቀኝ እግሯ ግን አልቆመም ልጄ። እንድትቆም ፈልገሻል፣ እግሯ ግን አየር ላይ ነው።»

ተቀብዬ አየኋት። የቆመች ትመስላለች። ከእግሯ ሥር በጥቁር ቀለም ጥላ ስለቀባሁ ነው የምትመስለው እንጂ ተረከዟ መሬቱን አልነካም። ስሠራት ተሳስቼ ነበር፤ በቀለም ሸፍኜው እኔም ረስቼዋለሁ። ያያት ሰው ሁሉ አልፎታል።

«ወላሂ፣ ስሕተትሽን ፍለጋ አይደለም» አሉ። «ክር የተበጠሰበትን ቦታ በዓይኔ ፈልጌ አላውቅም፤ ጣቴ ነው ሄዶ የሚቆምበት።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሁዶቼ የሁለታችን ሆኑ። ዓይኔን ጨፍኜ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጣው ሁሉ ድንች ነበር። እየቆየ ግን ዓይኔን ከፍቼ የማላገኘው ነገር ይመጣልኝ ጀመር፤ የጀርባ ጉብጠት፣ የጉልበት ድካም፣ ልትተኛ የደረሰች ዘንዶ የአንገቷ ክብደት። ስጨርስ ለእሳቸው እሰጣለሁ፤ እሳቸው ይዳብሱና የማላውቀውን ይነግሩኛል። ዘንዶዋ አዛውንት እንደሆነች፣ ግዙፉ ጀርባው ላይ ያለውን ዛፍ እንደማይወደው ግን ማንንም ላለማስቀየም እንደተሸከመው። ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አናውቅም ነበር። አንዳንዴ ነፋሱ ኒሙን ሲያንሿሿው እንሰማለን፤ እኔ ማዶ ያለውን የሚንሳፈፍ ሜዳ አያለሁ፣ እሳቸው ምን እንደሚያዩ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሊጡን አቡክቼ እጃቸው ላይ አደረግሁት። «እርስዎም ይሥሩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነፍስ ያለው ነገር መሥራት ለእኛ አይሆንም ልጄ። አንቺን አልከለክልም፣ ሃይማኖትሽ የራስሽ ነው። እኔ ግን ከዕድሜዬ መጨረሻ ላይ አልጀምረውም።»

አፍሬ ሊጡን ልወስድ እጄን ስዘረጋ ጣታቸውን አጠፉበት። «ቆይ እንጂ። ቤት አላቸው?»

«እነማን?»

«እነዚህ ሰዎችሽ። የሚያድሩበት አላቸው ወይ?»

የላቸውም ነበር። ያን ያህል ዓመት ስሠራቸው አንድም ቀን የሚገቡበት አስቤላቸው አላውቅም።

«እንግዲያው ቤታቸውን እኔ ልሥራ፤ ቤት ነፍስ የለውም» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። ሊጡን እንደ ክር እያረዘሙ፣ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፉ፣ እንደ ሽመና የተጠላለፈ ግድግዳ ሠሩ። ጣሪያው ክብ ሆነ። በሩን ሰፊ አደረጉት፤ ለምን ስላቸው «ለጆሮዋ ነዋ» አሉኝ።

ስለ ዓይናቸው ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸው ነበር። ሞራው እንደሚገፈፍ፣ ብዙ ሰው እንደዳነ አስረድቻለሁ። ልጃቸውም ለዓመታት ለምነዋቸዋል። «ያየሁት ይበቃኛል» ነበር መልሳቸው። ምላጭ ዓይናቸው ላይ ሲመጣ እያሰቡ እንደሚፈሩ ገብቶኛል፤ በሽተኛ ሲፈራ ማወቅ ሥራዬ ነው። ከዚያ በላይ አልገፋኋቸውም።

ያስለወጣቸው እኔ አይደለሁም። ዘንዶዋን ቀለም እየቀባሁ ሳለ ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሰማያዊ።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ?»

«ጠቆር ያለ። ወደ ማታ ተራራው እንደሚሆነው።»

ነጠላቸውን የሚዳብሰው እጃቸው ቆመ። ደጋግመው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ጠፋኝ» አሉ። «ቀዩን አየዋለሁ፣ አረንጓዴው አለ። ሰማያዊው ጠፋኝ። ስንት ጥለት ጥዬበታለሁ፤ ልጄ ስትዳር የለበሰችው ጥለቱ ሰማያዊ ነበር። አሁን ስፈልገው ቦታው ባዶ ነው።» ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ። «ዓይን ሲጠፋ ይቻላል። ይሄ ግን ከውስጥ ነው የተወሰደብኝ።»

ማታውኑ ለሕክምናው እንደሚሄዱ ለልጃቸው ነገሯቸው። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ደብረ ብርሃን ሲመጡ ሦስታችንም በሚኒባስ ወጣን። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ሲቀበለን ጋቢያቸው ውስጥ ተሸጉጠው እጄን ያዙ፤ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አልለቀቁኝም።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «ሸብተሻል እኮ» አሏቸው። አከራዬ እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ በድምፅሽ ወፍራም ነበርሽ» አሉኝ።

ሮቢት ስንመለስ ፍጥረቶቹን ሁሉ በሰፌድ ደርድሬ አቀረብኩላቸው። አቀርቅረው አዩ። ግራ ተጋብተው ቀና አሉ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው አባባ።»

«ትንንሽ ናቸው።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል። እጄ ግን እንደሱ አላለኝም። ግዙፉ ይህን ቤት ያህል ነበር፤ እሷ ከፊቴ ስትቆም ቀና ብዬ ነበር የማያት።» በቀስታ ዘንዶዋን አነሱ። ሰማያዊ ክንፏን ወደ ፀሐዩ አዙረው አዩ፣ አዩ፣ አልጠገቡም። «እሱስ ይኸው መጣ። አልሃምዱሊላህ።» መልሰው አስቀመጧት። ሌሎቹን አላነሱም።

ቅር አለኝ፤ አልደብቅም። ዓይናቸው በመከፈቱ ደስ እያለኝ፣ ለእኔ ብቻ የነበረ አንድ ሰፊ አገር የተዘጋብኝ መሰለኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ በሚቀጥለው እሁድ ወንበራቸውን ወደ በረንዳዬ አስጠግተው ተቀመጡ። ግን እኔ ስሠራ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር፤ የሚያልፈውን ሰው፣ የጫነ ግመል፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ ሁሉንም ያያሉ። ይህን ያህል ዓመት የተራበ ዓይን ነው፤ እንዴት እቀየማለሁ።

ከወር በኋላ አገራቸው ገቡ። ሽመና ጀምረዋል አሉ፤ ልጃቸው ለመከልከል ሞክረው አቃታቸው። እኔ እንደገና ብቻዬን ሆኜ፣ ግማሹን በዓይኔ ግማሹን ጨፍኜ እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ሁሉ፣ «ያቺ ባለ ትልቅ ጆሮዋስ እንዴት ናት?» አሉኝ።

በሕይወቴ ስለ እሷ ደኅንነት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ደኅና ናት» አልኩ፤ አፌ ግን አላቆመም፣ «ሩቅ አገር ልትሄድ እየተሰናዳች ነው።»

«ብቻዋን?»

«አይ፣ ከሰው ጋር።»

«ከማን ጋር?»

አላወቅሁም። ቆይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ጣሳውን ውሃ ሞላሁ፣ ሁለቱን ቁራጭ ሊጥ ቆርሼ ማቡካት ጀመርኩ።