የጋሪው በር

ካሲልዳ ለዶክትሬቷ ብላ የዩኒቨርሲቲውን የስምንት መቶ ዓመት ታሪክ መጻፍ ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። «በዚህ አያያዜ ሌላ መቶ ዓመት ሳይጨመርበት አልጨርሰውም» ትላለች ራሷ። የሞቱትን ጳጳሳትና ነገሥታት ሁሉ በስም ታውቃለች፤ ትልቁን በር የሚጠብቁትን ሽማግሌ ስም ግን አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ሽማግሌው ክርኑ የሳሳ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ጫማቸው ግን ሁሌም እንደ ሙሽራ ጫማ የተወለወለ ነው። ሥራ ሲያበቃ ትልቁን በር ከውስጥ ቆልፈው በጓሮ፣ ድሮ ጋሪ ይገባበት በነበረው በጋሪው በር ይወጣሉ። ድሮ የመመረቂያ ፈተናውን ያለፈ በትልቁ በር፣ በከበሮና በመለከት ይሸኝ ነበር፤ የወደቀ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ በጋሪው በር ሹልክ ይላል።

ዛሬ ካሲልዳ ደብዳቤ ይዛ ስትገባ ቀለደችባቸው። «እርስዎ ምን ወድቀው ነው በጓሮ የሚወጡት?»

«መውደቅማ ወግ ነው ልጄ! ለመውደቅም እኮ መፈተን ያስፈልጋል» ብለው ሳቁ። «የሕግ ተማሪ ነበርኩ። የፈተናዬ ቀን ጫማዬን ወልውዬ፣ እዚችው ደፍ ላይ ስደርስ 'ትንሽ ላጥና' ብዬ ተመለስኩ። ይኸው አርባ ዓመቴ፣ እያጠናሁ ነው። ሕጉን እንጃ፣ በሩን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ካሲልዳ አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «የያዝሽው ለጽሕፈት ቤት ነው? አምጪው፣ አደርስልሻለሁ።»

የዶክትሬት ፈተናዋ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲራዘምላት የምትለምንበት ደብዳቤ ነበር።

«አይ» አለች ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተችው፤ «የአስቤዛ ዝርዝር ነው።»