በሽንፋ ወንዝ ላይ የተቀበልኩት ጉርሻ

ልጄ ዮናስ ፈረንጆች ለሽርሽር በሚሳፈሩበት ትልቅ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መርከቡ ወደብ በደረሰ ቁጥር ይደውልልኛል። እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ ካለችው የመለዋወጫ ዕቃ ሱቄ በር ላይ፣ ላቤን በፎጣ እየጠረግሁ፣ ስለ ባሕር አወራለሁ።

ባለፈው እሁድ ሲደውል ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ሰዎቹ ለአንድ ሳምንት የሚከፍሉት፣ አባዬ፣ እዚያ እናንተ ጋ ቤት ያሠራል» አለኝ። «መጠጡ ለብቻው፣ ኢንተርኔቱ ለብቻው፣ ወርዶ ከተማ ማየቱ ለብቻው ነው። የእኛ ጉርሻ ደግሞ በየቀኑ ሂሳባቸው ላይ ይደመራል። አንዳንዱ ቢሮ ሄዶ ያሰርዘዋል። አንዳንዱ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን መቶ ዶላር አጣጥፎ እጅህ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያዝህ እግርህ ራሱ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይወስድሃል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሥራ አይደል?» አልኩት።

«ትናንት አንዲት አሮጊት እጃቸውን አንስተው ሲጠሩኝ እያየሁ አለፍኳቸው። ለካ መድኃኒት መዋጫ ውሃ ፈልገው ነው። ምንም አልሆኑም፤ ግን አልለቅ አለኝ። አንተ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?»

«እኔ ከየት መርከብ አግኝቼ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሱቁን አልከፈትኩም። ልጄን ዋሽቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከዳባት ወርጄ በሰሊጥ አረም ሁለት ክረምት ከሠራሁ በኋላ፣ ከሽንፋ ከተማ በታች በወንዙ መታጠፊያ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሰው ማሻገር ጀመርኩ። ሸህ መሐመድኑር ይባላሉ። እናታቸው ከወዲያ ከሱዳን፣ አባታቸው ከወዲህ ናቸው። በበጋ ወንዙን ሱሪ ሰብስቦ መሻገር ይቻላል። ሐምሌ ሲገባ ግን ቡናማው ውሃ ግንድና የሞተ ከብት ይዞ ይወርዳል፤ ማዶ ያሉት እርሻዎችም ከከተማው ይቆረጣሉ። ሸህ መሐመድኑር ስድስት ባዶ የነዳጅ በርሜሎችን በገመድ አስረው፣ በላዩ ጣውላ መትተው ታንኳ ሠርተው ነበር። ከዚህ ዳር ሾላ እስከ ወዲያኛው ዳር ሾላ የተዘረጋ ወፍራም ገመድ አለ። ያንን በእጃችን እየሳብን እንሻገራለን።

ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሁለት ብር ነው። ለሀብታምም ሁለት፣ ለሳሉግም ሁለት። ሳሉግ የሚባለው በየክረምቱ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር እየወረደ በየእርሻው የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ነው። ሸህ መሐመድኑር ሌላም ደንብ ነበራቸው፤ በመጀመሪያ በሽተኛ፣ ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች፣ ከዚያ እንደ አመጣጥ።

ጉርሻን ግን አልከለከሉም። በዚያ አገር በሱዳኖቹ ቃል በቅሺሽ ይባላል። እኔ ደግሞ ለበቅሺሽ የተፈጠርኩ ነበርኩ። ማን እንደሚሰጥና ማን እንደማይሰጥ ገና ከሩቅ በአረማመዱ አውቃለሁ። ለሚሰጠው እጄን ዘርግቼ አሳፍረዋለሁ፤ ጫማውን ከዋልካው ጭቃ አላቅቄ በቅጠል እጠርግለታለሁ። በኋላማ ከመተማ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥቼ በታንኳው መሐል አሰርኳት። ባለ ሰፋፊ እርሻዎቹ ኢንቨስተሮች ወደዷት። ሌላው ሰው ጣውላው ላይ እየተቁለጨለጨ አንዱ እግሩን አጣጥፎ ይሻገርባታል።

ሸህ መሐመድኑር ወንበሯን አይተው፣ «ወንዙ ላይ ሳሎን ከፈትህ?» ብለው ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

በነሐሴ አጋማሽ ሽማግሌው አዲስ ገመድ ሊገዙ ወደ መተማ ሄዱና ታንኳውን ለእኔ ተዉልኝ። ከዝናብ በኋላ የሚመጣው የቆላ ፀሐይ መሬቱን እንደ ድስት የሚያፈላበት ከሰዓት ነበር። አየሩ የለጋ ሰሊጥና የረጠበ አፈር ይሸታል። ከማዶ፣ ከእርሻው በኩል ቆሜ የተጠበሰ አምባዛ ዓሣ በማሽላ እንጀራ ስበላ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሌላውን አዝሏል። ያዘለው ሙላት ይባላል፤ የታዘለው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «ስማቸው» ይባላል፤ ሁለቱም ከጎጃም ለአረም የወረዱ ነበሩ። ስማቸው አንገቱ አልቆም ብሎት ጭንቅላቱ የወንድሙ ትከሻ ላይ ወድቋል። በዚያ ሙቀት ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ወባ ነው መሰል፣ ወንድምዓለም» አለኝ ሙላት። «አራት ቀኑ ነው። ሽንፋ ጤና ጣቢያ ላድርሰው።»

«ይቀመጥ፣ እጄን ልታጠብና እንሄዳለን» አልኩት።

እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። የመጡት አቶ አስማረ የሚባሉ የጎንደር ባለሀብት ናቸው፤ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ነበራቸው። የትራክተሩ ተጎታች ላይ የሌላ የተሰበረ ትራክተር ካምቢዮ፣ ከባዱ የማርሽ ሳጥን፣ ተጭኗል። ሦስት ሰዎቻቸው እያቃሰቱ አወረዱት። ብረቱና ሰዎቹ አንድ ላይ ከተጫኑ ለሌላ ሰው ቦታ እንደማይተርፍ ወዲያው አየሁ።

«ቶሎ በል ጎበዝ» አሉኝ አቶ አስማረ። «መኪናዬ ማዶ ቆማለች። ይህን ዛሬ ጎንደር ካላስገባሁ እርሻው በአረም አለቀ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ በሽተኛ አለ» አልኳቸው።

ወደ ወንድማማቾቹ ዞር ብለው አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ ማዘናቸው ይታይ ነበር። ከዚያ ድፍን መቶ ብር አውጥተው መዳፌ ውስጥ ጨመቁት። «አንድ ዙር አይደለች? እኔን አድርሰህ ትመለስለታለህ» አሉኝ።

መቶ ብር ያኔ የአሥር ቀን የአረም ክፍያ ነው። ወደ ሙላት ሄጄ ጎንበስ አልኩና፣ «አንድ ዙር ብቻ ታገሠኝ፤ መጣሁ» አልኩት። ሙላት ቀና ብሎ አየኝ። እጁ ወደ ወገቡ ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን ምንም አልመሰለኝም።

አቶ አስማረ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ሰዎቻቸው ገመዱን ከእኔ ጋር እየሳቡ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ ካምቢዮውን ዳገቱ ላይ ማውጣት ሌላ ጣጣ ሆነ። ዋልካው እስከ ጉልበት ይውጣል። «እስከ መኪናው አግዘን፣ አናሳፍርህም» አሉኝ። መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ሌላ ሃምሳ ብር በዓይነ ኅሊናዬ መጣ፤ ትከሻዬን ከብረቱ ሥር አስገባሁ።

መኪናው ላይ አስቀምጠነው ወገቤን ሳቀና ከላይ በኩል ድምፅ መጣ። ደራሽ ውሃን የሰማ ሰው አይረሳውም፤ መጀመሪያ ንፋስ ይመስላል፣ ቀጥሎ የከባድ መኪና መንጋ። እየተንሸራተትኩ ወደ ታች ሮጥኩ። ወንዙ ዳሩን አልፎ የሾላውን ሥር ይልስ ነበር። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ታንኳዋን ከአንድ መንገደኛ ጋር ጎትተን ማትረፋችንም ተአምር ነው።

ማዶ ሙላት ብድግ ብሎ ቆመ። ይጮኻል፤ ድምፁ ግን በውሃው ተውጦ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። እኔም እጄን አወናጨፍኩለት። ምን ልለው እንደነበር አላውቅም። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ቆምኩ። እሱ ነጠላውን በሁለት እንጨት ላይ ወጥሮ ለወንድሙ ጥላ ሠራለት፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ በራሱ ገላ ሸፈነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር።

ሲነጋ ውሃው ጎደለ። ብቻዬን ገመዱን ስቤ ተሻገርኩ። ስማቸው በሕይወት ነበር፤ ዓይኑ ግን ተከፍቶ ምንም አያይም። አሻገርኳቸውና ዳገቱን እኔ አዝዬው ወጣሁ። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ክብደቱ ግን የልጅ ነው። ጤና ጣቢያው ድረስ ላወርደው አልፈለግሁም።

ነርሷ ክንዱን ይዛ፣ «ለምን ትናንት አላመጣችሁትም?» አለች።

«ወንዙ ከለከለን» አለ ሙላት።

እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። ስማቸው እኩለ ቀን ሳይሆን አረፈ።

ከቀበርነው በኋላ ሙላት ሁለት እጄን ያዘ። «ወንድሜን አዝለህልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ አሥር ብር ሰጠኝ። ለድካሜ መሆኑ ነው። እምቢ ብል ለምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ተቀበልኩት።

ሸህ መሐመድኑር በማግሥቱ ተመለሱ። ወሬው ቀድሟቸው ነበር።

«ውሃው ሞላ አሉኝ። ከመሙላቱ በፊት ስንት ዙር ሠራህ?»

«አንድ» አልኳቸው።

«ማንን?»

ነገርኳቸው። ያመጡትን አዲስ ገመድ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወንበሯን በቢላዋ ቆርጠው አወረዱና፣ «ሂድና ለሰውየው እውነቱን ንገረው። እስክትነግረው ይህን ገመድ እንዳትነካ» አሉኝ።

ሙላት ግን ሽንፋን ለቆ ሄዷል። ከእርሻ እርሻ ስጠይቅ ከረምኩ። ለስማቸው ነፍስ ብዬ መቶውን ብር ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ አልቀለለኝም። ጥቅምት ላይ ኮኪት ከተማ አጠገብ አገኘሁት። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሜዳው ላይ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመበት ጊዜ ነበር። ማጭዱን መሬት ላይ ሰክቶ ሳመኝ፤ ከኮዳው ውሃ ሰጠኝ። ለብ ያለ፣ ጀሪካን ጀሪካን የሚል ውሃ።

«ሙላት፣ ያን ቀን ወንዙ ብቻ አይደለም የከለከለህ» አልኩት። ስለ መቶ ብሩና ሌላ ለማግኘት ብዬ ዳገቱ ላይ ስለ መቆየቴ ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«አይቻለሁ» አለኝ። «ብሩን መዳፍህ ላይ ሲያኖር አይቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት መረቅኸኝ?»

ከሰሊጡ አንድ ራስ ቆርጦ በጣቶቹ ፈለፈለ። ፍሬው መዳፉ ላይ ፈሰሰ። «እኔም መቀነቴ ውስጥ ብር ነበረኝ» አለ። «የሁለታችን የክረምት ሥራ። ካንተ ሰውዬ አስበልጬ ልስጥህ ብዬ እጄን ሰደድኩ። ኋላ ደግሞ ለመርፌ ቢጠይቁኝስ፣ ለመሳፈሪያስ ብዬ ቆጠብኩ። አንድ ዙር ነው ብለኸኝ አልነበር? ሌት ተቀን ለራሴ የምለው ግን እንዲህ ነው፦ ብሩን ብሰጥህ ኖሮ ስማቸው ይተርፍ ነበር። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አድርገሃል? ተራው እኮ የእሱ ነበር! ጉርሻ ሳትሰጥ የሚገባው ነበር!» ብዬ ጮኽኩበት። አጫጆቹ ቀና ብለው አዩን።

ሙላት እንደማይሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «መስጠት ነበረብኝ» አለ በቀስታ። ማጭዱን ነቅሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ሸክሜን ላራግፍ ሄጄ፣ የኔን ድርሻ እሱ በራሱ ሸክም ላይ ጨምሮ ሲዞር አገኘሁት።

ወደ ሽንፋ ተመልሼ ለሙላት እውነቱን መንገሬን ለሸህ መሐመድኑር አስታወቅሁ። ገመዱን እንድይዝ ፈቀዱልኝ። አንድ ክረምት ከሠራሁ በኋላ ግን አልቻልኩም፤ ተውኩት።

ይህን ሁሉ ለዮናስ ትናንት ራሴ ደውዬ ነገርኩት። እኔ ጉርሻ ኃጢአት ነው አላልኩትም። ሰው ደስ ብሎት የሚሰጠውን መቀበል ነውር የለበትም። የሚያስፈራኝ፣ ለአንዱ ስንፈጥን ሌላው «ባለመክፈሌ ነው» ብሎ ራሱን እንዲወቅስ ማድረጋችን ነው። ደግ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ በቶሎ ያምናል።

«ሰውየው አሁን የት ነው?» አለኝ ዮናስ በመጨረሻ።

«አገሩ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ብንፈልገው አናገኘውም?»

ጎጃም ሰፊ ነው፤ ሙላት የሚባል ደግሞ በየመንደሩ አለ። እጁን ጨብጫለሁ፣ ወንድሙን አዝያለሁ፣ ገንዘቡን ተቀብያለሁ። የአባቱን ስም ግን አልጠየቅሁትም።