በአፍንጫ የተመረጠ ራም

ሸዋሮቢት ላይ ማመልከቻ የምትጽፈው ሰሊማ ኮምፒውተሯ እስኪከፈት ድረስ ማንጎ ተተክሎ ያፈራል። ደንበኞቿ ወደ ጎረቤት ጸሐፊ እየሸሹ ስላስቸገሯት ማሽኑን ተሸክማ ጠጋኙ ሳሙኤል ዘንድ ሄደች። ማሽኑን የሚያፈጥነው የማስታወሻ ካርድ፣ አዲስ ራም፣ ዋጋው አልቀመስ ስላላት፣ ሳሙኤል ለማሽኗ የሚሆኑ ሁለት ያገለገሉ ራሞች አወጣላት።

ሰሊማ ገበያ ላይ ማንጎ እንደምትመርጠው አንዱን አሸተተች።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይበላም!»

«ዝም በል አንተ! ይሄ ተቃጥሏል።»

ሁለተኛውን ስታሸት ዓይኗ ተከደነ። የቃጠሎ ሽታ የለውም፤ ሰፊ ሜዳና ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ውስጡ ያለ መሰላት።

«እትዬ ሰሊማ፣ ተኙ እንዴ?»

«ይሄን ግጠምልኝ» አለች፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ።

ገጠመው። ሰሊማ እንደ ልማዷ ልትጠብቅ አገጯን በመዳፏ ሳትደግፍ ማሽኑ ተከፈተ።

እሷ እየሳቀች ስትወጣ፣ ሳሙኤል የቀረውን ራም አንስቶ፣ ግራ ቀኙን አየና አሸተተው።