እሳት ልጭር ብዬ

ካይሮ፣ ሞሃንዲሲን ሰፈር ካለችው ክፍሌ ሥር በቆሎ ጠባሹ ፍሙን ሲያራግብ ጭሱ በመስኮቴ ገብቶ ያስለኛል፤ እኔ ግን መስኮቱን አልዘጋም፣ ሁሉን በምረሳበት በዚህ ዕድሜዬ አፍንጫዬ ብቻ ደሴን አልረሳምና።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ክብሪት ማባከን ነውር ነበር፤ ማለዳ አንዱ ቤት እሳት ከተያያዘ የቀረው በገል ፍም እየጫረ ይወስዳል፣ የማን ልጅ እንዳሳለው፣ የማን ባል እንዳኮረፈም ወሬው ከፍሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ጎመን በበላች አንዲት ዶሮ ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ቃል ባይለዋወጡም፣ እትዬ ዘርፌ በየማለዳው ገል ይዘው ይመጣሉ፣ እናቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትልልቁን ፍም ትመርጥላቸዋለች፤ እኔ መሐላቸው ቆሜ በሳቅ እፈነዳለሁ፣ ኩርኩሜን እቀምሳለሁ።

አንድ ማለዳ እትዬ ዘርፌ ቀሩ። ፍሙ አመድ ሲለብስ እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች፣ ወድቀው አገኘቻቸው፣ ሰፈሩም ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ድነው ሲመለሱ «ኩርፊያችን የት ሄደና መጣሽ?» ቢሏት፣ «የተጣላነው በዶሮ! በእሳት ተጣላን እንዴ?» አለቻቸው።

እዚህ ሕንጻ ያለን ሐበሾች ስልክ ላይ ግሩፕ አለን፤ በየማለዳው አበባና «መልካም ቀን» ይዘንብበታል። ባለፈው ትኩሳት ጥሎኝ ስሰነብት አበባው አንድም ቀን አልቀረብኝም፤ በሬን የጫረ ግን ድመት ብቻ ነው፣ እሱም ቤት ተሳስቶ።

ሲሻለኝ ይህ ጅል ሽማግሌ ላይተሩን ኪሱ ከቶ፣ እሳት ልጭር ብሎ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳ። ኒው ካይሮ ሰው ቤት የምትሠራው ሰብለ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተች።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እሳት አለሽ ልጄ?»

በክፍተቱ ላይተር አቀበለችኝ።

«ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» አልኳት። የፈለግሁት ያንን ነገ ጠዋት ነበር።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም አባባ፣ ለምን ይለፋሉ? ይውሰዱት በቃ፣ ኸላስ።»

ደግ ልጅ ናት። በሩን እንኳ የዘጋችው ቀስ አድርጋ ነው።

ፍም ቢሆን እስከ ነገ ይከስም ነበር፣ እኔም ተመልሼ አንኳኳ ነበር። አሁን ኪሴ ውስጥ ሁለት ላይተር አለ፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው።