አማቷ ያወጡላቸው ስም

ያን ዓመት ለፍልሰታ ጾም አገሬ ገብቼ ነበር። ከባሕር ማዶ ወደ ደባርቅ የምመለሰው ስንት ዓመት ቆይቼ ነውና የእመቤታችንን ጾም ታናሽ እህቴ ቤት ሆኜ ለመጾም ያበቃኝን አምላክ አመሰገንሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር በኩል ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል።

እህቴና የባሏ እህት፣ መስከረም ጠብቶ ተራራ ወጪው ሲመጣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ሊያከራዩ፣ ስንቅና ቢራም ሊያቀርቡ ተስማምተዋል። ድንኳኑ ተገዝቷል፤ ከባለ በቅሎዎቹም ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው የንግድ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ስም ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። እህቴ የደብራችንን ታቦት ስም ካልሆነ አለች። የባሏ እህት ፈረንጅ አፍ ላይ የሚቀል እንግሊዝኛ ካልሆነ አለች። ዋልያውም ጭላዳውም ቀድሞ ተይዟል፤ ደባርቅ ውስጥ ሱቅ ያልተሰየመበት አውሬ ጅብ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለዳል። እኔ ስደርስ ሁለቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር።

አንድ ምሽት ወጡ እስኪበስል ቴሌቪዥን ተከፈተ። በጾም ሳቅና ቀልድ ብዙ አይገባም ብዬ ፊቴን ላዞር አስቤ ነበር፤ ግን ጆሮ አይዞርም። አስቂኝ ድራማ ነው። አራት የአዲስ አበባ ወጣቶች ስታርታፕ የሚሉትን ጀማሪ ድርጅት ከፍተው ስም ሲፈልጉ ይውላሉ። አንድ ስም ያወጡና ቲሸርት ያሳትሙበታል፤ አንዷ ታኮርፋለች፤ ይጥሉትና ሌላ ያሳትማሉ። ቢሯቸው በቲሸርት ተሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። ድርጅቱ ምን ሊሠራ እንደተከፈተ የሚያስታውስም የለም።

ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱ ግን አልሳቁም።

"ያቺ ባለ መነጽሯ አንቺን ትመስላለች" አለች እህቴ።

"አኩራፊዋስ ማንን ትመስላለች?" አለቻት የባሏ እህት።

በመጨረሻ ስሙ ሊነገር ሲል መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ የእነሱ ድራማ ቀጠለ።

"ነገ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ብቻዬን አስመዘግባለሁ! ድንኳኖቹ የኔ ናቸው" አለች የባሏ እህት።

"ውሰጂያቸው! ያንቺን ሽሮ የበላ ፈረንጅ ከዚህ ግቢም አይወጣ፣ እንኳን ተራራ!"

"አንቺ የታቦት ስም ለጥፈሽ ቢራ ልትሸጪ!"

እኔ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሂያጅ ነኝ። ሁለቱ ከተለያዩ እህቴ ሥራውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ በባሏ ግቢ ባዕድ ሆና መቅረቷ ነው።

የእህቴ አማት መደቡ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። "ታቦቱን ቢራ አታሸክሙትም" አሉ ረጋ ብለው። "ያንንም እንግሊዝኛ ደጄ ላይ አልሰቅለውም። የማላውቀውን ስም ምን ብዬ ልጥራው?"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። እህቴም እዚያ ቤት የምትጠራው እሳቸው ባወጡላት ስም ነው።

"እማማ፣ እርስዎ ያውጡላቸው" አልሁ። "እህቴን የሰየሟት እርስዎ አይደሉ?"

"እሷማ ለምራቷ ታደላለች!" አለች ልጃቸው።

"ዝም በይ! የወለድሁሽ ለት ያወጣሁልሽን ስም ትምህርት ቤት ስትገቢ የቀየርሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ማንም ስም አያወጣም። ነገ ከቅዳሴ መልስ።"

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም ጠሯቸው። ከበየዳ በበቅሎ በሙሽርነት እንደመጡ፣ አማታቸውም እዚያው ደጃፍ ላይ ስም እንዳወጡላቸው ነገሩን።

"በዚያ ስም የጠሩኝ ሁሉ አልቀዋል። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይቺ ጡት ሳትጥል ሄደ። እናንተ እማማ ትሉኛላችሁ፤ ቄሱ በክርስትና ስሜ ይጠሩኛል። ስሙ ጠሪ አጥቶ ቀረ። ከጠቀማችሁ ውሰዱት" አሉና ተናገሩት።

እዚህ አልጽፈውም፤ የተሰጠው ለእነሱ ነው። ደባርቅ የሄደ ሰው በሩ ላይ ያነበዋል።

"እማዬ፣ እንዲህ ተብለሽ እንደምትጠሪ ሰምቼም አላውቅ" አለች ልጃቸው። እህቴ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች። ዝናቡ እየዘነበ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው አልነበረም።

አሁን በሰው አገር ሆኜ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ባለፈው ሳደውል ግቢው ውስጥ ግርግር ነበር። አንድ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ሆኖ የድርጅቱን ስም ይጣራል። ከውስጥ አማቷ "አቤት!" ሲሉ በስልኩ ሰማኋቸው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው" አለችኝ እህቴ። "በጠሯቸው ቁጥር እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚወጡት።"

የባሏ እህት ስልኩን ቀማቻት። "እትዬ፣ እማዬ ሥራ አስኪያጅ ሆነችብን እኮ! እኛማ ተቀጣሪ ነን።"

ሁለቱ እየተሻሙ በአንድ ስልክ ሲስቁ ሰማኋቸው። ተመስገን አልሁ፤ ዛሬም ይኸው ተመስገን እላለሁ።